ምድር የምትመለስበት ቀን

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የማስተምረው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በማንኩሳ በኩል ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው፤ አምስተኛ ክፍል፣ አካባቢ ሳይንስ። ጠዋት ባጃጅ ካገኘሁ በባጃጅ፣ ካጣሁ በጋሪ እሄዳለሁ፤ የጋሪው ፈረስ ሲለግም ወርጄ ልጎትተው የሚዳዳኝ ሰው ነኝ። ትዕግሥት የለኝም። "ገባችሁ?" ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዎ" ሲለኝ ደሜ ይፈላል፤ ያልገባው ልጅ እጁን አውጥቶ አልገባኝም ቢለኝ ደስ ይለኛል። ይህን የምጽፈው ከተማሪዎቼ ስለ አንዷ ነው። ነገሩን የሰማችው ከእኔ አፍ ነው፤ የነገርኳትም መጽሐፉ ከሚለው የተለየ አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተበት ዓመት ነበር። ልጆቹ አድገው ነው የተመለሱት፤ የአንዳንዱ ወንድ ድምፅ ጎርንኗል፣ ከሴቶቹም ተድረው የቀሩ ነበሩ። ከአንዱ ክፍል ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ተነቅሏል፤ በመምህራን ክፍል ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ የነበረው ሉልም የለም። ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ዓለምን በሙሉ ታቅፎ የሄደ ሰው ምን ሊያደርጋት አስቦ እንደሆነ አንዳንዴ ይገርመኛል። የቀረን መጽሐፉ ብቻ ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ፀሐይን፣ ምድርንና ጨረቃን በእኩል መጠን ደርድሮ ሦስት ድንች አስመስሏቸዋል።

ስለዚህ በየካቲት ልጆቹን ከየቤታቸው አመድ እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ፀሐይ ሆነ። ዙሪያውን በአመድ ሰፊ ክብ አሰመርኩና ለየወሩ ድንጋይ፣ ለጳጉሜን ደግሞ ጠጠር አስቀመጥን። ልጆቹ ድንጋዮቹን በሚያውቁት ነገር ይጠሯቸው ጀመር፤ ይህ መስቀል ነው፣ ይህ በርበሬ የሚለቀምበት ነው፣ ይህ ጥምቀት ነው ይላሉ። ከዚያ አንዱ ልጅ ምድር ሆኖ በራሱ ላይ እየተሽከረከረ በአመዱ ላይ ይሄዳል፤ ሌላው ጨረቃ ሆኖ ምድርን እየዞረ አብሮ ይሮጣል። መጀመሪያ ምድር ያደረግኩት ወፍራም ልጅ መስከረምን ሳያልፍ ራሱ ዞሮበት ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ መሽከርከሩን አስቀርቼ በአመዱ ላይ መራመድ ብቻ ይሁን አልኩ።

ቀጥዬ የመረጥኳት ከኋላ የምትቀመጥ፣ ጥቁር ቀሚስ የማታወልቅ ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እናቷ እንደሞተች አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር። በክፍል ውስጥ አንድ ቃል ስትተነፍስ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ከመናገር መራመድ ይቀላት ይሆናል ብዬ ነው ያስነሣኋት። ጓደኞቿ ወሮቹን እየጠሩላት ከመስከረም ተነሥታ አንገቷን ደፍታ ትሄድ ጀመር። ሚያዝያን ግማሽ ያህል እንደሄደች ቆመች። ከኋላ የምትሮጠው ጨረቃ ገጭታት ሁለቱም ሊወድቁ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ምድር አትቆምም፣ ተራመጂ ብዬ ጮህኩባት። ተራመደች።

ዙሩን ጨርሳ ከተነሣችበት ድንጋይ ስትደርስ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

"ቲቸር፣ ዓመቱ ሲሞላ ምድር የምትመጣው ከነበረችበት ነው?"

"አዎ፣ ከነበረችበት።"

"ከዚያው ከቦታው?"

"ከዚያው ከቦታው" አልኳት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ልጆቹን አጨብጭቡላት አልኩና አስጨበጨብኩላት። ለወራት አፏን ያልከፈተች ልጅ ስትጠይቅ፣ ያውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠይቅ፣ ደመወዝ የተጨመረልኝ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። ከኋላ ወንበር ተነሥታ ፊት መጣች። እጇን ታወጣለች፣ ትጠይቃለች፣ አንዳንዴም ክፍሉ ከሚችለው በላይ ትጠይቃለች። ጠዋት ሰልፍ ሳይጀመር ከምሰሶው ዙሪያ አገኛታለሁ፤ ነፋስ የበተነውን አመድ ከቤቷ ባመጣችው አመድ ትሞላለች፣ ዛሬ ምድር የት እንደደረሰች ታሰላና እዚያ ላይ ትቆማለች። ለባልደረቦቼ በኩራት አወራሁላቸው። አንዱ መምህር ነገ ጨረቃ ላይ ትወጣልሻለች ብሎ ቀለደብኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት።

መጋቢት ውስጥ፣ ጾሙ ከገባ በኋላ፣ አባቷ ወደ ትምህርት ቤት መጡ። በቆሎና በርበሬ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ይግቡ ብላቸው አልገባም ብለው ከአጥሩ በር ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጉዳያቸውንም ወዲያው አልጀመሩም፤ ስለ በልጉ ደመና፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ እኔ መንገድ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ዳር ዳር ማለት ስለማልወድ ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ አያስቡ ብዬ ላሳጥርላቸው ሞከርኩ። ያመጣኝም እሱው ጉብዝናዋ ነው አሉኝ።

የሚስታቸው ሙት ዓመት ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ይውላል። አምና የሞተችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ፋሲካ ስለዘገየ ያው ቀን ሁዳዴ ውስጥ ወደቀ። በሁዳዴ ድግስ ተደግሶ ተዝካር አይወጣም፤ የንስሐ አባታቸውም ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ይሁን ብለዋል። በአገሩ የታወቀ ነገር ነው፣ ማንንም አያከራክርም። ልጅቷ ግን ቀኑ ከቦታው አይነሣም ብላ እንቢ አለች። ቄሱ ቤት ድረስ መጥተው ፋሲካ በጨረቃ ስለሚቆጠር ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንደሚል ሲያስረዷት፣ በትልቅ ሰው ፊት ቀና ብላ የማታውቀው ልጅ የዘገየችው ጨረቃ ናት፣ ምድር አልዘገየችም አለቻቸው። ቄሱ ስቀው ይህችን ባሕረ ሐሳብ ማን አስተማራት ብለው ጠየቁ። አባቷ ግን አልሳቁም።

እሳቸውን የከነከናቸው የተዝካሩ ነገር አልነበረም። እሱን ልጅ ናት ብለው ባለፉት ነበር። የከነከናቸው ትንሹ ልጃቸው ነው። ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ነው፤ ጠዋት በሬዎቹን ሲጠምዱ ከኋላቸው መጥቶ፣ እማዬ ጋ ልንደርስ ምን ያህል ቀረን ብሎ ይጠይቃቸዋል። እህቱ ነች የነገረችው። እናታችን ከሞተችበት ቦታ ላይ ቀርታለች፣ እኛ ነን ምድር ተሸክማን የሄድነው፣ አሁን ደግሞ መልሳ እያመጣችን ነው ብላዋለች።

ከዚያው ከቦታው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያስጨበጨብኩላትም እኔ ነኝ።

"መሬት ትዞራለች ካላችሁ ትዙር" አሉኝ አባት። "እኔ እያረስሁባት ወድቄ አላውቅም። ሙት ግን አትመልስም። እንዴው ይኸን ትምህርት ይመልሱልኝ፣ መምህርት።"

እሺ አልኳቸው።

የሚመለሰው ትምህርት የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ፀሐይ ራሷ ቆማ አትጠብቅም፤ እሷም ትሄዳለች፣ ምድርንና ጨረቃን አስከትላ ትሄዳለች። ስለዚህ ዓመት ሲሞላ ምድር ፀሐይን ዞራ ትጨርሳለች እንጂ አምና የነበረችበት ስፍራ ላይ አትገኝም። ያ ስፍራ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ማንም ተመልሶ አይቆምበትም። ይህን አምስተኛ ክፍል ላይ አናስተምርም፤ ልጆቹን ግራ ያጋባል እንላለን። ለአንዲት ልጅ ብቻ ለይቼ መንገር ነበረብኝ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ አስቀረኋትና ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ፀሐይም እንደምትሄድ ነገርኳት። ቀጥዬ ዋናውን ነገር ከመናገሬ በፊት፣ ያን ቀን ለምን እንደምትፈልገው ጠየቅኋት። ተዝካሩ ሌላ ቀን ቢሆንስ፣ እናትሽ የምትቀየም ይመስልሻል ወይ አልኳት። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እሷ ስለ ተዝካሩ ግድ የላትም፤ ድግሱን በፈለጉት ቀን ይደግሱት። እሷ የምትፈልገው ያን ጠዋት ቤት መሆን ብቻ ነው።

"ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነው የሞተችው" አለችኝ። "ስመለስ ተሸፍና አገኘኋት። አሁን ግን ቀድሜ እጠብቃታለሁ።"

እናቴ የሞተችው ቡሬ ነው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ቅርብ ነው፤ በደህናው ጊዜ መኪና ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ያኔ ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ስልኩም አይሠራም። መርዶው የደረሰኝ እሷ ተቀብራ፣ ድንኳኑም ተነሥቶ ነው። መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ፤ አፈሩ ደርቆ ነበር። የት እንደ ቆምኩ፣ ማን እንደ ደገፈኝ አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናሽ ሲለኝ አሜን እላለሁ፤ ልቤ ግን እስካሁን ያን ቀን ቡሬ መገኘት ይፈልጋል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያችን ልጅ ከፊቴ አስቀምጬ ስሰማት ግን ሁሉም መጣብኝ።

የጀመርኩትን አልጨረስኩትም። ያ ቦታ የለም ማለት አቃተኝ። ሂጂ፣ ይመሽብሻል አልኳት። ደብተሯን ይዛ ሄደች፤ ዳገቱን ስትወጣ በዓይኔ ሸኘኋትና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጥበቃው ሰውዬ መጥተው ምን ሆንሽ ብለው ሲጠይቁኝ ጭስ ነው አልኳቸው። በአካባቢው ጭስ አልነበረም፤ እሳቸውም አልተከራከሩኝም።

ለአባቷ የሰጠሁት ቃል ግን አላስተኛኝም። በገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም በርበሬ ተራ ሄጄ ፈለግኋቸው። ጆንያቸውን ከፍተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትምህርቱን መመለስ አልቻልኩም አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ያኔ ምክንያቱን ነገርኳቸው፤ ልጅቷ ያን ቀን የምትፈልገው ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ስለነበረ ነው፣ ቤት መሆን ነው የምትፈልገው አልኳቸው።

አንድ ገዢ መጥቶ በርበሬውን ዘግኖ አሸተተ፤ ዋጋ ጠየቃቸው፣ አልመለሱለትም፣ ትቶ ሄደ።

"ውሃ ውሃ ያለች እናቷ ናት" አሉ በኋላ። "ቤት ያለው ውሃ አልቆ ነበር። የላክኋት ግን እኔ ነኝ።"

ጆንያውን ማሰር ጀመሩ፤ ገና ጠዋት ነበር፣ ገበያውም ገና መድራቱ ነበር። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሚያዝያ ገባ። ልጅቷ ትምህርት አልቀረችም፤ በየጠዋቱ አመዱ ላይ ትቆማለች። አሁን ሳያት ደስታ አይሰማኝም። ወደ ሚያዝያው መሐል በተጠጋች ቁጥር እኔ እፈራ ነበር። ያን ቀን ጠብቃ ምንም ሳታገኝ ስትቀር ምን ትሆናለች? ተመልሳ ከኋላ ወንበር ብትቀመጥ፣ አፏን ዳግም ብትዘጋ፣ ማን ይከፍትልኛል? አንድ ባልደረባዬን ባማክረው ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች አለኝ። ልጆች እንደማይረሱ የምናውቀው እኛ መምህራን መሆን ነበረብን፤ ተናደድኩበትና ለሳምንት ያህል ሰላምታ ነፈግኩት።

ቀኑ ሲደርስ ትምህርት ነበር። ክፍሌን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ፣ ለዚያው ለተቀየምኩት፣ ወደ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው የሄድኩት። ከምንጩ ወደ መንደሩ የሚወጣው መንገድ ላይ ስደርስ አባቷን አየኋቸው። ቢጫ ጀሪካን በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። በዚያ አገር ሚስቱ የሞተችበት ወንድ እንኳ ውሃ ሲቀዳ አይታይም፤ እህት ትቀዳለታለች፣ ልጅ ትቀዳለታለች፣ ካጣም ከጎረቤት ሴት ይለምናል። ምንጩ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዞረው ያዩዋቸዋል። አንዷም አልሳቀችም።

እኔን ሲያዩ አልተገረሙም። ቤት ናት አሉኝና ቀደሙኝ። ውሃው ከጀሪካኑ አፍ እየተንጠባጠበ ጀርባቸውን አርሶት ነበር፤ መሸከሙን አያውቁበትም።

ልጅቷ እናቷ ተኝታበት በነበረው መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ታጥባለች፣ ራሷን ተበጥራለች። ወንድሟ የጥምቀት ሸሚዙን ለብሶ ከጎኗ ተቀምጧል፣ እግሩ መሬት አይደርስም። አባት ጀሪካኑን ከበሩ ጎን አወረዱና በኩባያ ውሃ ቀድተው ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ይዛው ተቀመጠች። አባት በሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ፤ እኔ የምቆምበት ጠፍቶኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ጎረቤት ላሞቹን አውጥቶ ሲነዳ ሰማን። ፀሐይ በበሩ ገብታ ከግድግዳው ወደ መደቡ ወረደች። ልጅቷ ዓይኗን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደገና ከፍታ ጠበቀች። ወንድሟ አንድ ጊዜ ሊናገር ሲል ክንዱን ነካ አደረገችው። እኔ እዚያ ቆሜ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሳይንስ ተምሬና አስተምሬ፣ የሆነ ነገር ቢመጣ ብዬ ተመኘሁ። ብመኘው ምን አጠፋሁ። ቀኑ ግን እንደ ማንኛውም ቀን እየሞቀ ሄደ። ላሞቹ ርቀው ሄዱ፤ ከበሩ የገባችው ፀሐይ መደቡን ለቃ በመሬቱ ላይ ወደ በሩ መመለስ ጀመረች።

ልጅቷ መጀመሪያ ወደ እኔ አየች።

"አለፍነው?"

መምህሯ እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ። ዓይኔን ከዓይኗ መልሼ ጀሪካኑን አየሁ። ያኔ ወደ አባቷ ዞረች። እሳቸው ከበሩ ተነሥተው መጡ፤ በእርጥብ ጋቢያቸው ከፊቷ ተንበረከኩ።

"አለፍነው፣ ልጄ" አሏት።

ትንሹ ልጅ ጠማኝ አለ። እህቱ እጇ ላይ ያለውን ኩባያ አየችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሰጠችውና፣ እሱ ሲጠጣ እሷ ማልቀስ ጀመረች።